ፀሐይ ስትወጣ ካርድ የሚበላው ቆጣሪ

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም የማይርቅ አንድ ግቢ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ "ሐጂ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጅዳ የሚሠራው ልጃቸው ስድስት ባለ 550 ዋት የሶላር ፓነልና አንድ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረውን መሣሪያ፣ ላከላቸው። ባትሪ የለውም፤ በቀጥታ ከመብራት መስመሩ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ነው። ሶላር የሚገጥም ሰው ተጠርቶ ፓነሉ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። ወጪ ይቀንሳል ተብሎ የመጣው ሶላር ግን ወጪውን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረው።

ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምጽፈው ፓነል የሚያሰቅል ሁሉ ስለ ዋቱና ስለ ዋጋው ሲጠይቅ ስለ ቆጣሪው የሚጠይቅ ሰው ስለማይገጥመኝ ነው። እኔ ደሴ ነው የምሠራው፣ የኤሌክትሪክ ሥራ። ሐጂ ዘንድ የደረስኩት በዘመድ በኩል ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ፣ ከደሴ ጉም ወጥቼ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ገባሁ። ለፓነል የሚሻለው የትኛው ነው ብትሉኝ መልሱ ቀላል አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ግቢው ውስጥ ዋናው ቤትና ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ሰርቪሶቹ የተከራዩ ናቸው። ከተከራዮቹ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ለሁሉም ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ በሩ አጠገብ ግንቡ ላይ የተሰቀለ የካርድ ቆጣሪ። ተከራዮቹ ለመብራት የሚከፍሉት በግምት ነበር። ይህ ግምት የሚባል ነገር ነው በኋላ ሰው ሊያጣላ የደረሰው።

ሶላሩ ከመሰቀሉ በፊት ቤቱ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታ የሚቆጥርበት መስፈሪያ) ገደማ ይፈጅ ነበር። ከተሰቀለ በኋላ 540 አካባቢ ደረሰ። እነዚህን ቁጥሮች ያገኘሁት ሐጂ የካርድ መሙያ ደረሰኝ ስለማይጥሉ ነው። ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ይብዛልኝ ነው የምለው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ታሪፉ ላይ ነበር። ምክንያትም አለው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ዋጋ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው፤ ስለዚህ የማንም ሰው ብር ጨምሯል። ጎረቤቱም "ሐጂ፣ የሁላችንም እኮ ጨምሯል" ይላቸዋል። ሐቁን ነው። ችግሩ ብር ብቻ ካዩ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይታያል፤ የዋጋው ጭማሪና የፍጆታው ጭማሪ። መለያው ኪሎዋት ሰዓቱን ማየት ነው። ታሪፉ ቢጨምር ቢቀንስ ኪሎዋት ሰዓት አይነካም። የሐጂ ደረሰኞች ላይ ደግሞ የጨመረው ራሱ ኪሎዋት ሰዓቱ ነው። በዚያ ላይ ታሪፉ በእርከን የተሠራ ስለሆነ፣ ብዙ የፈጀ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓትም የበለጠ ነው የሚከፍለው። ከ300 ወደ 540 መዝለል እንግዲህ በሁለት በኩል ነው የሚያቃጥለው።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ጋጋሪዋ ነበረች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀልድ አይደለም፤ የእሷው 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የምትጋግረውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። ይኼ ለሐሜት ይመቻል። ኪራይ ይጨመርባት፣ ካልሆነም ትልቀቅ የሚል ወሬ ግቢው ውስጥ መዞር ጀምሯል። እሷ ለእኔ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ወንድሜ፣ እኔ ሶላሩ ሳይመጣም ስጋግር ነበር። ዱቄቱ ያው፣ ምጣዱ ያው። ምኔ ጨመረ?" ይህን የመሰለ ክርክር ከመሐንዲስም አልሰማሁም። አዲስ የገባ ነገር አንድ ብቻ ከሆነ መጠርጠር ያለበትም እሱ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ቆጣሪው ራሱ ነው። ተበላሽቷል ተብሎ ባለሙያ መጥቶ ፈተሸው። ለደኅንነት ሲል ሶላሩን አጥፍቶ፣ የታወቀ ጭነት አገናኝቶ ለካው፤ ደህና ነው። እውነትም ደህና ነበር። የዚህ ቆጣሪ ደረጃ "ክላስ 1" የሚባለው ነው፤ ስህተቱ በመቶ ከ1 አይበልጥም ማለት ነው። ሰውዬው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ብቻ ሶላሩ ጠፍቶ እያለ የሶላሩ ችግር አይታይም።

የጉዳዩን ቋጠሮ የፈቱት ሐጂ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ቆጣሪ ካርዱን የሚበላው ፀሐይ ስትወጣ ነው" አሉኝ። ከምን አወቁ ብላቸው ከግድግዳው ላይ ካላንደር አውርደው ጀርባውን አሳዩኝ። የቆጣሪውን ቁጥር ሱብሂ ሲነሱ ይጽፋሉ፣ መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ ይጽፋሉ። ከመግሪብ እስከ ሱብሂ፣ ማለትም መብራቱም ቴሌቪዥኑም ምጣዱም በሚሠሩበት ሰዓት፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ከሱብሂ እስከ መግሪብ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ተከራዩ ሥራ፣ ከፍሪጅና ከአንድ ቴሌቪዥን ሌላ ብዙም በማይሠራበት ሰዓት፣ 11። ሰማዩ ደመና በሆነበት ቀን ግን 4 ወይም 5። የሰላት ሰዓት ሲባል በየቀኑ ከሞላ ጎደል እኩል ርቀት ላይ ያለ ሰዓት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የመለኪያ ፕሮግራም አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ማረጋገጡ ቀላል ነበር። ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የቤቱንም የሰርቪሶቹንም ብሬከር አንድ በአንድ አወረድኩ። ፍሪጁም ጠፋ። ከሶላሩ በስተቀር ምንም የቀረ የለም። የቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት ቀጥ ማለት ነበረባት፤ ምክንያቱም የሚፈጅ ነገር የለም። እሷ ግን ብልጭ ብልጭ ትላለች። ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 40። ቆጣሪው ላይ 1000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፏል። በደቂቃ 40 ማለት በሰዓት 2400 ብልጭታ፣ ያ ደግሞ 2.4 ኪሎዋት። ኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ የሚታየውም 2.4 ኪሎዋት ነው። ከዚያ የሶላሩን ብሬከር አወረድኩት። ቀይዋ መብራት ቀጥ አለች። መለስኩት፤ ኢንቨርተሩ ትንሽ ጠብቆ ሲነሳ እሷም ብልጭታዋን ጀመረች። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው "ሱብሐነላህ" አሉ። ጋጋሪዋ ከበሯ ላይ ሆና ነው ያየችው፤ ምንም አላለችም፣ ፊቷ ግን ብዙ ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ሠራተኛ በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ ዋናውን ሽቦ ለክቶ "11 አምፔር እየገባ ነው፣ የሆነ ቦታ ስርቆት አለ" ይላል። ተራ ክላምፕ ሜትር አምፔሩን እንጂ አቅጣጫውን አይነግራችሁም። ሐጂ ቤት ያ 11 አምፔር እየወጣ ነበር።

ምን እየሆነ ነው? ፓነሉ ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ሲያመርት ትርፉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ፣ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ቆጣሪው ደግሞ የሠርግ ድንኳን በር ላይ ተቀምጦ የገባውንም የወጣውንም "አንድ፣ ሁለት" እያለ በአንድ ላይ የሚደምር ልጅ ነው። ለጎረቤት በነፃ የሄደውን የሐጂን ፀሐይ፣ ሐጂ እንደፈጁት አድርጎ ከካርዳቸው ይቀንሳል።

ይኼ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪ የመግቢያና የመውጫውን ሽቦ ያገላበጠ ሰው ዲስኩን ወደ ኋላ ማሽከርከር ይችል ነበር፤ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዝ መቆለፊያ ካልተገጠመለት በስተቀር። ይህን ዓይነት ማጭበርበር ለመዝጋት ሲባል ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪዎች ኃይሉ በየትም አቅጣጫ ይሂድ እንደ ፍጆታ ብቻ እንዲቆጥሩ ተደረጉ። አንዳንዱ የካርድ ቆጣሪ እንዲያውም የተገላበጠ ፍሰት ሲያይ ሌባ ያገኘ መስሎት መስመሩን ይቆርጣል። የገባውንና የወጣውን ለየብቻ የሚመዘግብ ቆጣሪም አለ፤ የሐጂ ግን ያ አይደለም። ሌባን ለመያዝ የተሠራው ብልሃት ጣሪያው ላይ ፓነል የሰቀለውን ሰው ያዘ።

አሁን ሂሳቡን እንየው፤ ልክ እንደ ቁልፍ ይገጥማል። ፓነሎቹ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመርታሉ። ቤቱ ቀን የሚፈጀው 3 ነው፤ እሱን ሶላሩ ሸፈነው። 11 ተረፈና ወጣ። ሌሊት ከመስመር የሚገባው 7። ቆጣሪው 7 እና 11 ደምሮ 18 አለ፤ በወር 540። ሶላሩ ባይኖር 10 ነበር፣ በወር 300። የወጣውን የማይቆጥር ቆጣሪ ቢሆን 7 ብቻ ይል ነበር። ወደ ኋላ የሚዞር የድሮ ዲስክ ቢሆን ደግሞ ሐጂ በየቀኑ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፉ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ሶላር፣ ሦስት ዓይነት ሂሳብ።

3.3 ኪሎዋት ፓነል ተሰቅሎ ለምን በቀትር 2.4 ብቻ ሰጠ የሚል ይኖራል። ሙቀት ነው፣ አቧራም አለበት። ፓነል የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር ፓነሉ ራሱ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ በእያንዳንዷ ዲግሪ ደግሞ በመቶ 0.3 እስከ 0.4 ይቀንሳል። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ነች፣ ቀዝቃዛ ናት፤ ፓነል ብርድ ይወዳል። ግን ጉሙ ጧት አርፍዶ ነው የሚነሳው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ምርቱን ይቀንሳል፣ ፀሐዩ ይጨምራል። እኔ ኮምቦልቻን እመርጣለሁ፣ ፓነሉን በየጊዜው የሚያጥብ ሰው እስካለ ድረስ።

ሐጂ ሌላም ቅሬታ ነበራቸው፣ ከብሩ በላይ ያናደዳቸውም ይኼኛው ይመስለኛል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጨለማውን አይተዋል። ሶላር ሲመጣ መብራት ሲጠፋ የምንቸገርበት ጊዜ አለፈ ብለው ነበር። ግን መብራት ሲጠፋ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል፣ ቀትር ላይም ቢሆን። "ፀሐዩ እላዬ ላይ፣ እኔ ሻማ ፍለጋ!" ይላሉ። ይኼም ብልሽት አይደለም። ያለ ባትሪ ከመስመር ጋር የሚሠራ ኢንቨርተር መስመሩ ሲሞት ወዲያው እንዲቆም ግዴታ ነው። ባይቆም ፖል ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ከሐጂ ጣሪያ የመጣ ኤሌክትሪክ ይገድለዋል። ገጣሚው ይህን ከመጀመሪያው ሊነግራቸው ይገባ ነበር። ልጁም ጅዳ ሆኖ ሲገዛ ማንም አልነገረውም።

መፍትሔው ላይ እንምጣ። መጀመሪያ የቀረበላቸው ሐሳብ ቆጣሪውን "የሚያስተካክል" ሰው መጥራት ነበር። ሐጂ ራሳቸው "ሐራም ነው" ብለው ዘጉት። እኔም ተመሳሳይ ነገር ነው የምላችሁ፤ የቆጣሪ ማኅተም የነካ ሰው በኋላ ትክክለኛ አቤቱታ ቢኖረውም የሚሰማው የለም። ሁለት አቅጣጫ ለየብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ ማስገባት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ያ ግን በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ሐጂ ከመብራት ኃይል ጋር ያላቸው ውል የመግዛት ውል ነው፣ የመሸጥ አይደለም። ቤታቸው ሶላር እንዳለው የሚገልጽ ማመልከቻ እንዲያስገቡ አደረግን። ይኼ ለቆጣሪው ብቻ ሳይሆን ለመስመር ሠራተኞቹም ሲባል መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ነው።

እስከዚያው ትርፉ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። አብዛኞቹ አዳዲስ ኢንቨርተሮች ወደ መስመር ምንም እንዳይልኩ ይታዘዛሉ። ለዚህ ሲቲ የሚሉት፣ ዋናውን ሽቦ የሚያቅፍ ጣት የምታክል ዳሳሽ ያስፈልጋል። ዳሳሹ በዋናው ሽቦ ምን ያህል እየገባና እየወጣ እንደሆነ ለኢንቨርተሩ ይነግረዋል፤ ሊወጣ ሲል ኢንቨርተሩ ምርቱን ይቀንሳል። የኢንቨርተሩን ካርቶን አምጡ አልኩ። ከሽንብራ ጆንያ ጀርባ ተገኘ። ዳሳሹ ከነላስቲኩ፣ ከነገመዱ፣ ሳይፈታ ውስጡ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ወር ካርዱ የተበላው ይቺ ነገር ከካርቶን ስላልወጣች ነው።

ስትገጥሙ አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ዳሳሹ ላይ ቀስት አለ፤ መመሪያው ባለው መሠረት ወደ ቤት ወይም ወደ መስመር መዞር አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ኢንቨርተሩ የሚወጣውን እንደሚገባ ያየዋል፤ ቤቱ ኃይል የጎደለው መስሎት እስከ ጥጉ ያመርታል፣ ችግሩ ይብሳል። ከዚያ ቤቱ ሁልጊዜ ከመስመር 50 ዋት ያህል እንዲወስድ ኢንቨርተሩን አዘዝኩት፣ ዜሮ ላይ ሲንገዋለል ወደ ውጭ እንዳያፈስ። ምጣድ በድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ ለጥቂት ሰከንድ ማምለጡ አይቀርም። ለ5 ሰከንድ 3 ኪሎዋት ቢያመልጥ 4 ዋት ሰዓት ነው፤ አይቆጠርም። እንደገና ብሬከሮቹን አውርደን ቀይዋን መብራት አየናት። ከስንት ጊዜ አንዴ ብልጭ ካላለች ዝም ነው።

ቆጣሪው ቀንና ሌሊት ደምሮ የሚቆጥረው ከ18 ወደ 7 እና 8 ወረደ። ግን ፓነሉ አሁን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው፤ 14 ማምረት እየቻለ 3 ያመርታል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ "እና ምን ጠቀመኝ?" አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ቀን ላይ የሚፈጅ ነገር ያስፈልጋል። ግቢው ውስጥ ትልቁ ፈጂ ደግሞ ማን ነው? የተጠረጠረችው ምጣድ።

ጋጋሪዋን ሌሊት የምትጋግሪውን ወደ ቀትር ማዞር ትችያለሽ ወይ አልናት። ቶሎ እሺ አላለችም። "በኮምቦልቻ ቀትር ምጣድ ሥር ቁሙ እስቲ" ነው ያለችን። በዚያ ላይ ጧት እንጀራ የሚጠብቁ ደንበኞች አሏት። በመጨረሻ ለእራት የሚወስዱትን ምግብ ቤቶች ድርሻ ቀትር ላይ፣ የጧቱን እንደ ድሮው ሌሊት ለመጋገር ተስማማች። ቀትር ስትጋግር ሄጄ ቀይዋን መብራት ቆጠርኳት፤ በደቂቃ 18 ገደማ። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ 2.4 ያህሉን ጣሪያው ይሰጣል፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ልዩነቷን ብቻ ነው። ውሃ የሚስበው ሞተርም ከማታ ወደ ቀን ዞረ። ወሩ ሲዘጋ ካርዱ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው የበላው።

ፓነል ልታሰቅሉ ያሰባችሁ፣ ከመስቀላችሁ በፊት ገጣሚውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ትርፉ ወዴት ይሄዳል? "ወደ መስመር ሄዶ ይቀነስላችኋል" ካለ፣ የእናንተ ቆጣሪ ያንን እንደሚችል በምን እንዳወቀ ይንገራችሁ። ቀድማችሁ የሰቀላችሁ ደግሞ ፀሐያማ ቀን ቀትር ላይ ከሶላሩ በስተቀር ሁሉንም አጥፍታችሁ የቆጣሪውን መብራት እዩ። ብልጭ የምትል ከሆነ ወይ ያልጠፋ ነገር አለ፣ ወይ እየከፈላችሁ ነው የምትሰጡት።

አሁን ግቢው ውስጥ ያለው ክርክር ሌላ ነው። ሐጂ ግምት ይቅር ብለው ለጋጋሪዋ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡላት። ወደ እሷ ክፍል ብቻ ስለሚያልፍ የተገላበጠ ፍሰት የለበትም፣ በትክክል ይቆጥራል። ግን ቀትር ላይ የተጋገረውን ሙሉ በሙሉ ይቆጥርባታል፣ ከጣሪያ የመጣውንም ጭምር። እሷ ለዚያ አልከፍልም አለች። ሐጂ "ፓነሉ እኮ የልጄ ነው" አሉ። "ፀሐዩ ግን የአላህ ነው ሐጂ" አለቻቸው። ተሳሳቁና የቀትሩን በግማሽ ዋጋ ተስማሙ። ቀትር መጋገር ስትጀምርና ስትጨርስ ቁጥሩን ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፣ ማታ ሐጂ ያዩታል። ለሐጂ ትንሽ ትርፍ አላት፤ ፓነል ለገዛ ሰው አይበዛበትም።

ልጃቸው በበኩሉ አራት ፓነል ልጨምር ብሎ ደውሎልኛል። ቀን ላይ ያለውንም ተጠቅመን አልጨረስንም፣ ተጨማሪ ፓነል ጣሪያ ማስዋቢያ ነው የሚሆነው አልኩት። ገንዘብ ካለው ባትሪ ይላክ፤ ከባትሪ ጋር የሚሠራ ኢንቨርተርም አብሮ መምጣት አለበት፣ ያሁኑ ባትሪ አይቀበልም። ያኔ መብራት ሲጠፋም ቤቱ ይበራል። ዋጋ እየጠያየቀ ነው።